ሳሎኔ ውስጥ የቆመው ፍሊፐር

መስከረም 12 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ተካ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣ። ወዳጁ ያህያ በታክሲው አመጣን፤ ከመኪናው እስከ በራችን ድረስ እኔና ልጃችን ቅድስት ግራና ቀኝ ደገፍነው። እግሩ እየተጎተተም ቢሆን ይራመዳል። የግራ እጁ ግን እንደሌለ ነው። ተንጠልጥሏል፤ እሱ ግን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል ዞር ብሎ አያየውም። ሹራብ ሳለብሰው ቀኝ እጁን አስገባና ለብሼ ጨረስኩ ብሎ ተቀመጠ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ክራቫቱን መስታወት ሳያይ ያስር የነበረ ነው።

ሳሎን ሲገባ መጀመሪያ ያየው ፍሊፐሩን ነው። ኳስ እየመቱ የሚጫወቱበት የቡና ቤት ማሽን ነው፤ እዚህ አሜሪካ ፒንቦል ይሉታል። እኛ ፍሊፐር ነው ያልነው፣ ፍሊፐር ብዬ እጽፋለሁ። ነሐሴ ውስጥ እሱና ያህያ ኩን ራፒድስ ከአንድ ሟች ቤት ምድር ቤት ገዝተው አመጡት፤ አድሰው ሊሸጡት ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተካን ስትሮክ ጣለው። ማሽኑ ሶፋዬ በነበረበት ቦታ ቆሞ ቀረ፤ አቧራ የጠገበ፣ የአይጥ ሽታ ያለው ትልቅ ሣጥን።

"አልሸጣችሁትም?" አለ። አንደበቱ ይጎተታል እንጂ ቃሉ ይሰማል።

"ማን ይገዛዋል?" አልኩት።

እስኪመሽ ድረስ ፊቱን ወደ ማሽኑ አድርጎ ተቀመጠ።

መስከረም 14፣ ዓርብ

ቅድስት ከሥራ በቀጥታ መጣች። ኩን ራፒድስ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ወጥ ቤት ጠርታኝ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"እማዬ፣ ብቻሽን አትችይውም። እኛ ጋ ዌይቲንግ ሊስት ውስጥ ስሙን አስገብቻለሁ።"

"ማንን አማክረሽ?"

"ክፍል የሚለቀቀው ገና አካባቢ ነው። እስከዚያ እጁ ከተመለሰና ራሱን ደግፎ ከተነሣ ስሙን አወጣዋለሁ። ካልተመለሰ ግን…"

"ካልተመለሰ ግን ምን?"

"ስታነሺው ጀርባሽን ስትይዢ አይቼሻለሁ።"

ጀርባዬ ምንም አልሆነም።

ለእጁ ዳራርቱ የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማክሰኞና ሐሙስ እየመጣች ልታሠራው ነው። ሴንት ፖል ያደገች የኦሮሞ ልጅ ናት፤ ጨዋ ናት፣ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች። ኢንሹራንሱ መሻሻል እስካየ ድረስ ብቻ እንደሚከፍል ነገረችኝ። ካላየ ከገና በፊት ያቆማል። ስለዚህ ሁሉም ነገር በአንድ እጅ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ባለቤቱ ደግሞ እጁን አያየውም።

መስከረም 19፣ ረቡዕ

ፍሊፐሩን አጸዳሁ። ሳሎኔ ውስጥ ከቆመ ንጹሕ ሆኖ ይቁም። ከሆዱ የአይጥ ጎጆ። እግሮቹን በብረት ሱፍ። ባለሥዕሉን መስታወትም። ስለሱ ነገ።

መስከረም 20፣ ሐሙስ

የመስታወቱን ነገር ልጻፈው።

ፍሊፐር ተጫዋቹ ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ የቆመ ትልቅ መስታወት አለው፤ ነጥቡ የሚታየው እዚያ ነው። በዚህኛው ላይ ፈረስ ጀርባ ላይ የቆመች የሰርከስ ሴት፣ አንድ ዝሆን፣ ከላያቸውም ሰፊ ሰማያዊ ሰማይ ተሥሏል። ፊቱን ወለወልኩት፣ አበራ። ከዚያ አውጥቼ ጀርባውን በሞቀ ውሃና በሳሙና አጠብኩት። የመስታወትን አንድ ጎን አጽድቶ ሌላውን መተው አላደግሁበትም። ለካ ሥዕሉ የተሣለው በጀርባው ነው። ቀና ስል ሰማዩ ጨርቁ ላይ ነበር።

ተካ ከወንበሩ ሆኖ ሲያየኝ ነበር። አንድ ቃል ሊል ይችል ነበር። ለምን ዝም አልከኝ ብዬ ጠየቅሁት። አልጮኽኩበትም። ትንሽ ጮኼበታለሁ።

"ስታጸጂ ማን አስቁሞሽ ያውቃል?" አለኝ።

መስከረም 24፣ ሰኞ

ያህያ መጣ። የወሎ ልጅ ነው፤ ቀን ኤርፖርት ታክሲ ይነዳል፣ በትርፍ ጊዜው አሮጌ ማሽን ገዝቶ ይሸጣል። ከተካ ጋር የተዋወቁት ተካ ኤርፖርቱ መኪና ማቆሚያ ይሠራ በነበረ ጊዜ ነው። ተካን ጎንበስ ብሎ ትከሻውን ሳመና ቀና ሲል ደርቆ ቀረ።

"እትዬ የሺ! ሰማዩን ማን ወሰደው?"

"እኔ ነኝ።"

"በምን?"

"በሞቀ ውሃና በሳሙና።"

"ወላሂ እትዬ፣ ይሄ እኮ ሰሐን አይደለም!" ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ተቀመጠ። ትንሽ ሲበርድለት አስረዳኝ። አሮጌ ማሽን የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መስታወቱን ነው። ቀጥሎ ኳሷ የምትሮጥበትን የእንጨት ሜዳ ያያል፤ ቀለሙ ተልጦ እንደሆነ፣ ጉድጓዶቹ ዙሪያ እንጨቱ ተበልቶ እንደሆነ። ሆዱን የሚያይ ጥቂት ነው። "መስታወቱ ከሄደ ዋጋው በግማሽ ዳውን አደረገ ማለት ነው" አለ።

"ወረደ በል።"

"ወረደ፣ እትዬ። ወርዶ ተከሰከሰ።"

ተካ በአንድ በኩል ፈገግ አለ። ከሆስፒታል ከመጣ የመጀመሪያው ነው። ያህያም ይህን አይቶ ስለ ግዢው ማውራት ጀመረ። "ጋሽ ተካ እኮ መስታወቱን ዞር ብለውም አላዩ! ሲሚንቶው ላይ ተንጋለው ማሽኑን ከሥር ማሽተት ጀመሩ። የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ሰውዬው ወደቁ ብላ ውሃ ይዛ ሮጠች። እሳቸው ከሥር ሆነው 'የሽቦ ጥቅልሎቹ አልተቃጠሉም፣ ግዛ' ይሉኛል።"

ሲሄድ በር ላይ እንዲህ አለኝ፦ ቢያንስ ከበራ አንድ ሰው ይገዛዋል፤ የሚያውቀው ጠጋኝ ግን የብርዱን ወራት ፍሎሪዳ ነው የሚያሳልፈው። የተረፈው ቀለም እንዳይረግፍ የሚይዝ የሚረጭ ነገር ይዤ እመጣለሁ ብሏል።

ጥቅምት 2፣ ማክሰኞ

ዳራርቱ የፕላስቲክ ኩባያዎች ደርድራ በግራ እጁ እንዲያነሣ ለመነችው። "የልጅ ዕቃ" ብሎ ፊቱን አዞረ። እሷ ስትሄድ ተቆጣሁት። ከዚያም ሌላ የምቆጣው ነገር ስላጣሁ የፍሊፐሩን ሆድ ከፈትኩ። ለማየት ብቻ።

ሪሌ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሪሌ!

በአርባ ስምንት ዓ.ም. የቴሌ ማሠልጠኛ ስገባ ከመላው ክፍል ሴቶች ሁለት ነበርን። ስዊድናዊው አስተማሪያችን ነጭ ጓንት ያደርግ ነበር፤ ያጸዳነውን ሪሌ በጣቱ ዳብሶ ጓንቱ ከቆሸሸ ከመጀመሪያው ያስደግመናል። ሪሌ ማለት ኤሌክትሪክ ሲደርሳት ኮንታክት የምንላቸውን ትንንሽ የናስ ምላሶች ስባ እርስ በርስ የምታገናኝ ናት። ምላሶቹ መሀል ያለው ክፍተት ውፍረታቸው በሚለያይ ስስ ብረቶች መለኪያ ይለካል፤ ጥንካሬያቸውም ይመዘናል። አስተማሪያችን ከልክ በላይ የላላ ኮንታክት ማንም ሳይደውል ይደውላል ይለን ነበር። በሥራ ዘመኔ ከልክ የወጣ ኮንታክት ትቼ ወደ ቤቴ ሄጄ አላውቅም።

ተካን ያገኘሁት በዚያ ጊዜ ነው። እሱ የቡና ቤት ፍሊፐርና የሙዚቃ ሣጥን እየጠገነ ይዞር ነበር። የኔ ሪሌ የሚኒስትር ድምፅ ያስተላልፋል፣ ያንተ ብረት ኳስ ያንከባልላል እለው ነበር። ስንት ጊዜ እንዳልኩት! ያው አንድ ዓይነት ሪሌ መሆኑን ዛሬ ነው ያየሁት። ለሱ አልነገርኩትም።

እጠግነዋለሁ። የምጠግነው ተሽጦ ሶፋዬ ወደ ቦታው እንዲመለስ ነው።

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

የድሮው ቅባት ደርቆ ሙጫ ሆኗል። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ። ኮንታክቶቹን በወፍራም ወረቀት ቁራጭ፣ እየሳቡ፣ በሞረድ ሳይሆን። ፊውዝ የሚሉት ቫልቮላው ተቃጠለ። ቀየርኩት። እንደገና ተቃጠለ።

ተካ ከወንበሩ፦ "የትኛው ሽቦ ነው ትኩስ የሆነው?"

"አረንጓዴው።"

"ሙሉ አረንጓዴ ነው ወይስ ነጭ መሥመር አለው?"

መሥመር ነበረው። አላየሁትም ነበር። መነጽሬን መቀየር አለብኝ።

ጥቅምት 16፣ ማክሰኞ

በራ! ከምሽቱ በፊት ማብሪያውን ስጫን ሆዱ አጉረመረመ፣ ነጥብ ቆጣሪዎቹ እየተሽከረከሩ ወደ ዜሮ ተመለሱ፣ አምፖሎቹ አንድ በአንድ በሩ። ሰማዩ በተላጠበት በኩል ብርሃኑ እርቃኑን ይወጣል፤ ዓይን ይወጋል። ደውሉን በጣቴ ነካሁት፣ ጮኸ።

ተካ፦ "የሚኒስትር ድምፅ ነው?"

አያስታውሰውም ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ያህያ በጾም ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትገባ ማፍጠሪያ ምስር ሾርባ ሰጠሁት። ቆሞ እየጠጣ ማሽኑን ዞረው። "እትዬ፣ ይሄን ነገር ቢዝነስ እናድርገው እንዴ?" አለኝ። ሥራ በል አልኩት። "ሥራማ አለኝ፤ እኔ የምለው ቢዝነስ ነው" ይለኛል። እንዲህ ያለ ልጅ።

ጥቅምት 21፣ እሑድ

ዛሬ ሁሉም ተስተካከለ። ያህያ ከመኪና ዕቃ መደብር በገዛልኝ መለኪያ እያንዳንዱን ኮንታክት ለካሁ፤ የሁለቱን ቁልፎች ጭምር። ኳሷ ወደ ታች ስትወርድ መልሰው የሚመቷት ግራና ቀኝ ሁለት ክንፎች አሉ፤ በሣጥኑ ጎንና ጎን ባሉ ቁልፎች ይነሣሉ። ሁለቱም ልክ በልክ። አስተማሪዬ በነጭ ጓንቱ ቢመጣ አላፍርም ነበር።

ተካ ልሞክረው አለ። ራሱ ነው ያለው! ከፍ ያለ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት፣ የግራ እጁን አንሥቼ ጣቱን ቁልፉ ላይ አኖርኩለት። ቅድስትም ቆማ ታያለች። ኳሷን ተኮሰ። በቀኝ በኩል ስትመጣ መታት፤ ቀኝ እጁ ምንም አልረሳም። በግራ ስትመጣ ግን ክንፉ አልተነሣም። ሁለተኛዋም እንዲሁ። ሦስተኛዋም።

"ማሽኑ ነው" አለ።

እኔ እጄን ዘርግቼ ቁልፉን ተጫንኩት፤ ክንፉ ጧ ብሎ ተነሣ። "ማሽኑ ደህና ነው" አልኩት። "አንተ ነህ ያልተጫንከው።"

እውነቱን ነው የነገርኩት። ማሽኑ ደህና ነበር።

ጥቅምት 22፣ ሰኞ

ማሽኑን አጥፊው አለኝ። አጠፋሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞርለት ጠየቀ።

ጥቅምት 25፣ ሐሙስ

ዳራርቱ መጣች። ኩባያዎቹን አልነካም። "አባባ፣ ለኔ ሲሉ" አለችው። "ላንቺ ስል ተኝቼ እውላለሁ" አላት።

አንድን ነገር ትክክል ነው ማለት ስድብ አይደለም። ልጆቼን እንደዚያ ነው ያሳደግሁት። ተማሪ ሳለሁም እንደዚያ ነው የተማርኩት። ቅድስት ግን ስትሄድ መኪናዋ አጠገብ ቆማ "እማዬ፣ አባዬ እኮ ፈተና አልተቀመጠም" አለችኝ። ምን ለማለት እንደፈለገች አልገባኝም።

ገብቶኛል።

ኅዳር 2፣ ሐሙስ

ሳላስበው ሰማሁ። መታጠቢያ ቤት ነበርኩ፤ ዳራርቱና ቅድስት ኮሪደሩ ላይ በእንግሊዝኛ ያወራሉ። ጣቱ ውስጥ የሆነ ነገር ይሰማኛል፣ ግን ሲነግሩት እምቢ ይላል፤ የማይታይ ነገር ደግሞ ሪፖርት ላይ መጻፍ አልችልም አለች ዳራርቱ። ቅድስት "እሺ፣ ክፍሉን ኮንፈርም አደርጋለሁ" አለች።

ትናንት ማታ ተካን ከአልጋ ሳነሣው ሁለታችንም ወደ ኋላ ተመልሰን ተቀመጥን። ስቀን ነበር። ጀርባዬ ደህና ነው።

ኅዳር 4፣ ቅዳሜ

ያህያ ገዢ ይዞ መጣ፤ ከኢዳይና የመጣ ጸጥ ያለ ነጭ ሰው ነው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ብዙ ማሽን እንዳለው ነገረን። ዝቅ ብሎ እግሮቹን አየ፣ በባትሪ ሜዳውን አየ፣ መስታወቱ ጋ ሲደርስ ሰው እንደሞተበት ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሆዱን ከፍቶ ሲያይ ቆየ። ማን ሠራው ብሎ ጠየቀ። ያህያ ወደኔ አመለከተ። ሰውዬው አንዴ እኔን፣ አንዴ ሪሌዎቹን አየ። ከዚያ ልጫወት አለ።

ተካን ፊቱን ወደ መስኮት አድርጌ ነበር ያስቀመጥኩት። ደውሉ ሲጮኽ ግን አንገቱ ዞረ። ሰውዬው ጥሩ ተጫዋች ነው። እኔ ማሽኑን አላየሁም፤ ተካን ነው ያየሁት። ኳሷ ወደ ግራ በምትወርድበት ጊዜ ሁሉ፣ ብርድ ልብሱ ላይ የተኛው የግራ እጁ ሌባ ጣት ትነሣ ነበር። እንደ ወረቀት ውፍረት። ዓይኑ ኳሷ ላይ ነው፤ ስለ ጣቱ እሱም አያውቅም። ኳሷ ወደ ግራ፣ ጣቷ ብድግ። እንደገና ወደ ግራ፣ እንደገና ብድግ።

ሰውዬው ዋጋ ጠራ። ያህያ ፊቱ በራ፤ እንደዚያ ያለ መስታወት ላለው ማሽን ደህና ዋጋ ነበር መሰለኝ።

"አይሸጥም" አልኩ።

"ምን?"

"አላለቀም። የግራው ቁልፍ ይቀረዋል።"

"እትዬ፣ እየሠራ እኮ ነው! ሰውዬው አሁን ተጫወተበት!"

"ለሱ ሠራ" አልኩት።

ያህያ ሰውዬውን ወደ መኪናው ሲሸኝ "አስጾመውኝ ነው የዋሉት፤ አሁን ደግሞ ሊያስለቅሱኝ ነው" እያለ ነው የወጣው።

ኅዳር 5፣ እሑድ

ጧት ያህያ የዒድ ጣፋጭ ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለና ቶሎ ሄደ። አልተቀየመኝም፤ ወይም በዒድ ቀን መቀየም አልፈለገም።

ተካ ከምሳ በኋላ ሲተኛ የግራውን ቁልፍ ኮንታክት አወጣሁ። ለካሁት። ልክ ነበር። ልክ እንዲሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ጤነኛ ጣት በደንብ ገፍቶ እንዲዘጋው፣ እንዳይንቀጠቀጥ፣ በራሱ እንዳይገናኝ። ስልክ ቤት እንደዚያ ነው። እዚህም እንደዚያ ነው ብዬ አስቤ ሠራሁ፤ የማን ጣት እንደሚጫነው አላሰብኩም። የተካ ጣት እኮ ተጭናዋለች። ሦስቱንም ጊዜ ተጭናዋለች። እኔ ያኖርኩት ክፍተት ነው የበለጣት። እኔም ልጁ ፊት፣ እጄን ዘርግቼ፣ አንተ ነህ ያልተጫንከው አልኩት።

መለኪያው ላይ ያሉትን ስስ ብረቶች አንድ በአንድ አየኋቸው። ክፍተቱን በመጨረሻዋ፣ በስሷ አደረግኩት። ምላሱን በፒንሳ እያሸሁ እስኪለሰልስ ድረስ አላላሁት። ከልክ የወጣ ኮንታክት አውቄ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። አስተማሪዬ ቢያይ ጓንቱን አውልቆ ይወጣ ነበር። ይውጣ።

ለቅድስት ደውዬ ክፍሉን አሁን እንዳታረጋግጪ አልኳት። ለምን አለችኝ። ቁልፍ እየሠራሁ ነው አልኳት። እስከ ገና ብቻ አለች።

ኅዳር 6፣ ሰኞ

"ሞክረው" አልኩት።

"ተይኝ።"

"ስህተት ነበረበት። አስተካክያለሁ።"

"የማሽኑ ስህተት?"

"የሠሪዋ።"

አየኝ። ብዙ አየኝ። ከዚያ ቀኝ እጁን ለድጋፍ ዘረጋልኝ።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ ጣቱን አኖርኩለት፣ ኳሷን ተኮሰ። ኳሷ ላይኛው ግድግዳ ጋ ተጋጨች፣ ወደ ግራ ወረደች፣ እኔ ወደ ጣሪያው አየሁ።

ጧ።

እጁን አየ። የራሱን የግራ እጅ፣ ከዚህ ቀን በፊት የት ነበርክ እንደሚል ሰው። "እንደገና" አለ። እስከ ምሳ ተጫወተ። ብዙ አመለጠው፣ ጥቂት መታ። ምሳውን አቀዘቀዘ፣ አልተቆጣሁም።

ኅዳር 13፣ ሰኞ

ሳይነቃ ክፍተቱን አንድ ብረት ያህል ጨመርኩበት። አልታወቀውም። መታ።

የላላ ኮንታክት ግን የላላ ኮንታክት ነው። በረዶ የሚጠርገው ትልቁ መኪና በመንገዳችን ሲያልፍ ቤቱ ይንቀጠቀጣል፣ ያኔ የግራው ክንፍ ብቻውን ይነሣል። ያህያ ይህን አይቶ አሥር ጊዜ ተሳለቀ። "እትዬ፣ ጂኒ ገብቶበታል። በዚህ ሁኔታ ማን ይገዛናል?"

"እስከ ገና አይሸጥም ብያለሁ።"

"ግማሹ የኔ እኮ ነው።"

"የትኛው ግማሽ?"

አሰበ። ተካን አየው፤ ተካ ምላሱን በጥርሱ ይዞ በግራ እጁ ይታገላል። "የቀኙ" አለ ያህያ። "የግራው የናንተ ነው።"

ጥሩ ልጅ ነው። ቃል ቢያበላሽም።

ኅዳር 23፣ ሐሙስ

ዳራርቱ ኩባያዎቿን ከቦርሳ ሳታወጣ ፍሊፐሩ ጋ ወሰድኳት። ተካ አሳያት። አፏን በእጇ ያዘች፤ "አባባ! ከኔ ደብቀው ነው?" አለችው።

"አንቺ የልጅ ዕቃ አመጣሽልኝ" አላት። "ይሄ የአዋቂ ነው።"

ክፍተቱን በየሳምንቱ እንዴት እንዳሰፋሁት መለኪያውን ዘርግቼ አሳየኋት፤ በዚህ ብረት ጀመርን፣ ዛሬ እዚህኛው ላይ ነን። ብረቶቹን እያገላበጠች አየቻቸው። "እማማ፣ ይሄን ሪፖርቱ ላይ ልጻፈው?"

"በሚሊሜትር ጻፊው" አልኳት። "በደምሳሳው መሻሻል አለ ብለሽ እንዳትጽፊ።"

ሲጨርሱ ኩባያ ጠየቃት። አነሣው። አንዱን ጣለው፣ ሁለተኛውን አነሣ።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

ያህያ ፎርት ስኔሊንግ አካባቢ የሚሸጥ ማሽን አግኝቶ ሁለታችሁም ኑ አለን። ተካ ኮቱን ሲለብስ የግራውን እጅጌ አስቀደመ። እንዳላየ ሆንኩ።

ቤቱ የአንድ ጡረተኛ ፓይለት ነው። ማሽኑ ምድር ቤት ነው፤ ተካ ደረጃውን ስለማይችል ላይኛው ቤት ወንበር ሰጡት፣ እኔና ያህያ ወረድን። መስታወቱ ያምራል፤ እንከን የለውም። ፓይለቱ እሱን ብቻ ነው የሚያወራው። ያህያ ዓይኑ ፈዘዘ፣ ዋጋ ሊጠራ አፉን ከፈተ። ቆይ አልኩት። ሲሚንቶው ላይ ተንበረከክሁ፣ ጎንበስ ብዬ ከሥር አሸተትኩ። ፓይለቱ "ደህና ነሽ?" አለኝ፤ ያህያ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ወደ ላይ ጮኽኩ፦ "ተካ! ተቃጥሏል!"

ከላይ፦ "ምን ምን ይሸታል? እንደ ጎማ ነው እንደ ስኳር?"

"እንደ ስኳር!"

"ጥቅልሉ ብቻ ነው! እሱ ይቀየራል፤ ግን ዋጋው ላይ ንገሩት!"

ነገርነው። ሰውዬው ቀነሰ፣ ያህያ ገዛ። መኪና ውስጥ ተካ ለያህያ "ይሄንን መስታወት ግን እሷ እንዳታጥበው" አለው። ሁለቱም እስከ ቤታችን ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ትንሽ ሳቅሁ።

ከመሬት ለመነሣት ያህያ ነው የደገፈኝ። ጀርባዬ ያመኛል። ማክሰኞ ቅድስት ሐኪም ጋ ትወስደኛለች።

ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ኢንሹራንሱ የዳራርቱን ሪፖርት ተቀብሎ ጊዜውን አራዘመ። የሚሊሜትሩን ነገር የሚመለከተው ሰው ሁለት ጊዜ ደውሎ እንደጠየቃት ነገረችኝ። መጠየቁ ተገቢ ነው።

ማታ ቅድስት መጣች። ኮቷን ሳታወልቅ ክፍሉ ተለቅቋል፣ ነገ መልስ ይፈልጋሉ አለች። ተካ ይህን ሲሰማ የወንበሩን እጀታዎች በሁለት እጁ ያዘ፤ ግራው ትንሽ ዘግይቶ ነው የያዘው። ወደ ፊት አዘነበለ። እኔ ልነሣ ስል ቅድስት ትከሻዬን ይዛ አስቀመጠችኝ። አንድ ጊዜ ተመልሶ ተቀመጠ። ሁለተኛ ጊዜ ቆመ። ማንም ሳይነካው፣ ቆመ።

"ሶፋው ይመለስ ይሆን እንዴ?" አለ። "ይሄ ወንበር ይቆረቁራል።"

ቅድስት ስታለቅስ አፍንጫዋ ይቀላል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚያ ናት። ስልኳን አውጥታ እዚያው ደወለች። "ሌላ ሰው ይግባበት" አለቻቸው። ከዚያ ኮቷን አውልቃ ፍሊፐሩ ጋ ቆመችና በአባቷ ተሸነፈች። በጣም ነው የተሸነፈችው።

ታኅሣሥ 28፣ ሐሙስ፣ የገና ዋዜማ

ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ወረደ። ጧት ነጠላዎቹን እየተኮስኩ ነበር፣ ተካ በርጩማው ላይ ነው። ብዙ ነጥብ ላይ ደርሶ ነበር፤ አያወራም፣ ጆሮዎቹ ቀልተዋል፤ ያኔ እንደማይናገሩት አውቃለሁ። የመጨረሻዋ ኳስ በግራ በኩል ቀስ ብላ እየወረደች ነበር። እሱም እየጠበቃት ነበር፤ ጣቱን አዘጋጅቶ፣ እስትንፋሱን ይዞ።

በረዶ ጠራጊው መኪና መጣ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። የግራው ክንፍ ብቻውን ጧ ብሎ ተነሣና ኳሷ ሳትደርስ ተመልሶ ወደቀ። ኳሷ ከሥሩ ሾልካ ገባች።

ተካ በሁለት እጁ ሣጥኑን መታው። በሁለቱም።

"የሺ!" ብሎ ጮኸ። "ይሄ ኮንታክት ከልክ በታች ነው! ምን ዓይነት ሥራ ነው ይሄ? እንዲህ ያለ ሥራ ካንቺ አይጠበቅም! አጥብቂው!"

ካውያውን አቆምኩ። መነጽሬን ፈለግሁ፣ ግንባሬ ላይ ነበር። መለኪያውን ከመሳቢያው አውጥቼ ዘረጋሁና ወፍራሙን ብረት መረጥኩ።

"በስንት?" አልኩት።

"በልኩ" አለ። "መጀመሪያ ባደረግሽው።"